ገብረ ክርስቶስን ከ«ሀገሬ» አስፈቱልኝ

በዚህች ሀገር፣ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ግጥም ብቻ ጽፎ የሞተ የሚመስል ባለቅኔ አለን። ባለቅኔው ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ ግጥሟም «ሀገሬ» ናት። ትምህርት ቤት በዓል ሲያከብር እሷ ትነበባለች። ሬዲዮ ጣቢያ በሁለት ፕሮግራም መካከል ክፍተት ሲያገኝ በእሷ ይደፍነዋል። በባዕድ ምድር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ሆድ ሲብሳቸው የሚያወጧት እሷኑ ነው። አንባቢው ድምፁን ጎርነን ያደርጋል፤ ከበስተኋላው ዋሽንት ይለቀቃል፤ ጭብጨባው ይቀልጣል፤ በቃ። ሰውየው ሌላስ ምን ጻፈ? ተብሎ ቢጠየቅ አጨብጫቢው ሁሉ አንገቱን ይደፋል።

ይህን የምጽፈው ግጥሟን ለማጣጣል አይደለም። ግጥሟን እወዳታለሁ፤ በቃሌም እወጣታለሁ። ጠቤ ከተጠቃሚዎቿ ጋር ነው። አንዲት ግጥም መርጠን አንድን ትልቅ ባለቅኔ አስረንባታል። ይባስ ብሎ ያሰርንባት ግጥም ራሷ ምን እንደምትል አላነበብናትም። የሰማናት ዋሽንቱን ነው።

እኔ የምኖረው መቀሌ ነው፤ ሥራዬም አማርኛ ማስተማር ነው። የሌላው ከተማ ሰው ይህ ሙግት የሐያስያን ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሌላው ቦታ ገብረ ክርስቶስ የማይነበበው በጣም ስለሚጨበጨብለት ነው፤ እዚህ ደግሞ ያጨበጨቡለት ሰዎች ስለሚያስጠሉ ነው። ውጤቱ አንድ ነው፤ መጽሐፉ አይገለጥም።

ነገሩን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ፣ ከአሥር የማንበልጥ የንባብ ጓደኞች አለን። አንዳንዶቹ ተማሪዎቼ የነበሩ ናቸው። አንድ ቀን ለሚቀጥለው ጊዜ ገብረ ክርስቶስን እናንብብ ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። አንዲት ልጅ ሳቅ አለችና «መምህር፣ ደግሞ ‹ሀገሬ›ን ነው?» አለችኝ። ከጎኗ የተቀመጠው ወጣት ግን አልሳቀም። በትግርኛ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ናይ መን ሃገር?» ሲል ጠየቀ። የማን ሀገር? ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚናገር ጠፋ።

የልጁን ጥያቄ በቁጣ የሚመልስ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን መቆጣት አልቻልሁም። ይህ ልጅ ትምህርት ቤቱ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተጀምሮበት፣ ሦስት ዓመት ያህል ክፍል ሳይገባ ያደገ ነው። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ባንክ የለም፤ ስልክ የለም፤ መብራትም መጣ ቢባል ተመልሶ ይሄዳል። ሌላ ከተማ ያለ ወንድሙ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቅ ወራት ያሳለፈ ሰው በዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ «ሀገር» የሚለውን ቃል ይህ ልጅ የሰማው በአብዛኛው ከፎካሪ አፍ ነበር። ቃሉ ጆሮው ላይ ተበላሽቷል። ያበላሸው ግን ገብረ ክርስቶስ አይደለም። ሙግቴም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«ሀገሬ» የተጻፈችው በጀርመን ሀገር ነው፤ ገጣሚው ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ሲማር። የሚናገረው ሰው ሀገሩ ላይ የለም። ይህ ዋና ነገር ነው፤ በየመድረኩ የሚጣለውም ይኸው ዋና ነገር ነው። በብርድና በባዕድ ቋንቋ መካከል የተቀመጠ ወጣት ስለ ሀገሩ አየር፣ ስለ ልምላሜው ሲቆጥር እንሰማዋለን። የሚቆጥረውም የራበው ሰው ምግብ እንደሚቆጥር ነው። ከተራበ ሰው ቆጠራ ውስጥ ማጋነን ብታገኙ አይግረማችሁ፤ የእናቱን ወጥ ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚያስታውስ ሰው ጨው እንደጎደለው አያስታውስም። እንግዲህ ይህን የናፍቆት ቆጠራ ከባዕድ ቤት አውጥተን፣ ሀገሩ ላይ በምቾት በተቀመጠ ባለሥልጣን ፊት፣ በባንዲራ መካከል ስናስነብበው ምን ይሆናል? ናፍቆቱ ይወጣና ጉራው ይቀራል። ያው ግጥም፣ ያው ቃል ነው፤ የሚናገረው ሰው ግን ተለውጧል። ይህን ያህል ለውጥ አንድን ግጥም ለመግደል ይበቃል።

ልጁ «የማን ሀገር?» ሲል የጠየቀው ጥያቄ በእኔ ግምት ከግጥሟ የራቀ አይደለም። ገብረ ክርስቶስም ሀገሩ የእሱ መሆኗን የሚያረጋግጥለት ሰው በአጠገቡ አልነበረም። ኋላም አላገኘም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ፣ ደርግ ሠዓሊውንም ገጣሚውንም ለአብዮቱ አሰልፎ በነበረበት ጊዜ፣ ከሀገር ወጣ። በወጣትነቱ የተማረባት ጀርመን መቆያ አልሆነችውም። ከዚያ አሜሪካ ገባ። መጋቢት 1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ፣ ሎውተን በምትባል ከተማ፣ በ49 ዓመቱ ሞተ። «ሀገሬ»ን የጻፈ ሰው የሞተበትን ቦታ ልብ በሉ። ሎውተን የት እንደሆነች ካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኛት አንባቢ ስንት ይሆን? ግጥሟን በዋሽንት የሚያጅቡ ሰዎች ይህን ጨርሰው አያነሡም። ቢያነሡማ ጭብጨባው ይከብድ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ገብረ ክርስቶስ ልሂድ፤ የማይነበበው ወዳልሁት።

የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ሐረር ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ ቁም ጸሐፊና ሠዓሊ ነበሩ፤ ብራና ይጽፉ፣ ሥዕል ይሥሉ ነበር። ልጁ ቀለምን ያወቀው ኮሎኝ ከመሄዱ በፊት፣ ከአባቱ ቤት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የነበረውም ለሥዕል አልነበረም፤ የጀመረውን ትቶ ወጣ እንጂ። ከጀርመን በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ኤግዚቢሽን አሳየ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትንም ተሸለመ። ተሸለመ ስል ግን ተወደደ ማለቴ አይደለም። ሥዕሉን «ይህ ምንድነው? የፈረንጅ ነገር!» ያሉት ብዙ ነበሩ። ዛሬም አሉ።

«የፈረንጅ ነገር» የምትለዋን ክስ መቀሌ ላይ ሆኜ ስሰማት ሳቄ ይመጣል። ከዚህ ተነሥቶ በውቅሮና በሐውዜን በኩል ገርዓልታ የወጣ ሰው፣ አቡነ የማታ ጉሕን በገደሉ ጨርፎ የገባ ሰው፣ በጉልላቱ ዙሪያ የተሳሉትን ሐዋርያት አይቷል። እነዚያ ዓይኖች ከፊታቸው ይተልቃሉ። ሰዎቹ የቆሙበት መሬት የለም፤ ጥላ የላቸውም፤ ሩቁ ከቅርቡ አያንስም። በዚሁ ባሕላዊ ሥዕላችን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፣ ኃጥእ ግን ጎኑን ሰጥቶ አንድ ዓይን ብቻ ይተውላችኋል። ይህን የሣለ ሰው ተፈጥሮን እንዳለች ልቅዳት አላለም። ትርጉም ፈልጎ መልክን አጣሟል። ታዲያ መልክን ማጣመም ፈረንጅ ያስተማረን አዲስ ነገር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? እ.ኤ.አ. በ1963 የሣላትን «ጎልጎታ»ን ተመልከቱ። ሸራው በቀይ ተጥለቅልቋል፤ ስቅለቱ ከደሙ ውስጥ ወጥቶ ተመልሶ እዚያው ደሙ ውስጥ ይጠፋል። የአለቃ ደስታ ልጅ አባቱ ካቆሙበት ርዕስ አልወጣም። በእርግጥ የአባቱን አሣሣል ትቷል፤ ይህንንም አልሸሽግም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዝም ብሎ «ዘመናዊ ሆነ» ማለትም ሌላ ማታለል ነው። ሰውየው መርጧል። የሚያስቆጣንም የመረጠው አይመስለኝም፤ መምረጡ ነው።

በግጥሙም ያደረገው ይህንኑ ነው። የአማርኛ ግጥም ቤት አለው። የወል ቤት በሉት፣ ሰንጎ መገን በሉት፣ ቡሄ በሉ በሉት፣ ጆሯችን ቀለሙን እየቆጠረ፣ ቤት እስኪደፋ እየጠበቀ ያደገ ነው። ገብረ ክርስቶስ ይህን ቤት አልናደውም፤ በርና መስኮቱን ግን አነሣሥቶታል። ስንኙን አንዴ በአንድ ቃል ያስቆመዋል፤ አንዴ እስኪያልቅ ትንፋሽ ድረስ ይስበዋል። ቃሉን ለትርጉሙ ብቻ ሳይሆን ለድምፁ ይደጋግመዋል። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ»ን ቁጭ ብሎ በለሆሳስ ማንበብ የሚችል ሰው ካለ ንገሩኝ፤ ስንኙ ራሱ ያስነሣል፣ ያራምዳል። «እንደገና»ንና «የፍቅር ሰላምታ»ን ያነበበ ሰውም ስለ ፍቅር በአማርኛ ሲጻፍ ሁሌ ጨረቃና ጽጌረዳ መጥራት ግድ እንዳልሆነ ያያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። «ሀገሬ»ን ቀለሟን ብትቆጥሩ መነሻ ስንኞቿ ስድስት ስድስት ናቸው። የወል ቤት ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር ሲቀመጥ ማለት ነው። ጆሯችን ከሕፃንነቱ የሚያውቀው ዜማ ነው። ከገብረ ክርስቶስ ሥራዎች ሁሉ ይህችን የመረጥናት ስለ ሀገር ስለምታወራ ብቻ አይመስለኝም። ስላላስቸገረችን ነው። ያስቸገሩንን ትተን፣ ያላስቸገረችንን ይዘን፣ «የዘመናዊ ግጥም አባት» የሚል ማዕረግ ሰጠነው። ዘመናዊነቱ የታየባቸውን ግጥሞች ሳናነብ ማለት ነው! ለዚህ ዓይነቱ ሹመት አማርኛ ምን ስም እንዳለው አላውቅም።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ከአንድ ህንዳዊ መምህር ጋር ሻይ እየጠጣን ስናወራ ስለ ሂንዲ ባለቅኔዎች አጫወተኝ፤ በኋላም በእንግሊዝኛ የተተረጎመውን ፈልጌ አነበብሁ። ኒራላ የሚባል ባለቅኔ አላቸው፤ ሙሉ ስሙ ሱርያካንት ትሪፓቲ። በሂንዲ የግጥም ቤትን ከሰበሩት ቀዳሚው እሱ ነው። ስንኙ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር «የጎማ ስንኝ»፣ «የምድር ትል ስንኝ» እያሉ ተሳለቁበት። ሚስቱን ቀበረ፤ ልጁን ሳሮጅን ቀበረ፤ ለልጁ የጻፈላት የኀዘን ግጥም በቋንቋው ከታላላቆቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 አላሃባድ ውስጥ በችግር ላይ ሞተ። የሚገርመው ግን፣ ይህ ቤት ሰባሪ የጻፋት አንዲት የጸሎት ግጥም አለች፤ ለዕውቀት አምላካቸው ለሳራስዋቲ የቀረበች። በሰሜን ህንድ ስንትና ስንት ትምህርት ቤት ሕፃናት ጠዋት ተሰልፈው ይዘምሯታል። እንደ እኛ «ሀገሬ» በሉ።

ልዩነታችን ወዲህ ነው። ያው ተማሪ ክፍል ገብቶ መማሪያ መጽሐፉን ሲገልጥ ሌላ የኒራላ ግጥም ያገኛል፤ አላሃባድ መንገድ ዳር በጠራራ ፀሐይ ድንጋይ ስለምትፈልጥ ሴት የጻፈው። ከፊቷ የሀብታም ግንብ ቆሟል፤ እሷ ጥላ የላትም። ጸሎቱን የዘመረ ልጅ ድንጋይ ፈላጯንም ያያታል። ባለቅኔው አንድ ሰው መሆኑን ያውቃል። እኛ ልጆቻችንን ከሰልፉ ሜዳ ወደ ክፍል አላስገባናቸውም።

ሌላም አላቸው፤ ሙክቲቦድ ይባላል። ይህኛው መምህርና ጋዜጠኛ ሆኖ ከድህነት ጋር ሲታገል ኖረ፤ የብቻው የሆነች የመጀመሪያ የግጥም መድበሉ የወጣችው በሞተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ህንዶች ይህን ሲያነሡ እስከ ዛሬ ያፍራሉ። እንግዲህ እኛ ምን እንበል? የገብረ ክርስቶስ ግጥሞች «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በአንድ መጽሐፍ የታተሙት በ1998 ዓ.ም. ነው። ከሞተ 25 ዓመት በኋላ! ሥዕሎቹም ከጀርመን ተመልሰው በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባው ሙዚየም የተሰቀሉት በ2000 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን «ሀገሬ» ግን አንድ ቀንም ከመድረክ አልወረደችም። ይህ እንዴት ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሐያሲ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

አሁን ፊቴን ወደ ራሴ ከተማ ላዙር። እስካሁን የተናገርሁት ለአጨብጫቢዎቹ ነው፤ ጨብጫቢ የሌለባትን መቀሌንም ዝም ማለት አይገባኝም።

በመቀሌ አማርኛ ግጥም ማንበብ የሚያስነውር ነገር እየሆነ ነው። አዋጅ የወጣበት አይደለም፤ ማንም አልከለከለም። ቀስ ብሎ፣ በዝምታ የመጣ ነው። ወጣቱ የአማርኛ መጽሐፍ ይዞ ሻይ ቤት ሲገባ ሽፋኑን ወደ ደረቱ ያዞራል። ለምን? ሲባል፣ ስድቡም ማስፈራሪያውም የደረሰን በዚህ ቋንቋ ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ ደርሶታል። እኔም ሰምቼዋለሁ። ይቅር በል ልለው አልመጣሁም፤ ግጥም የዕርቅ ሰነድ አይደለም፤ ገብረ ክርስቶስን ያነበበ ሰው ማንንም ይቅር የማለት ግዴታ አይገባም።

ግን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ቋንቋው የማን ነው? ለሰደበህ ሰው በምን ሒሳብ ነው የምትለቅለት? ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የዓድዋ ሰው ነው፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን በአማርኛ ጻፈ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ዓድዋ አጠገብ ተወልዶ፣ የአማርኛን ልብ ወለድ ኃፍረቱን አስወልቆ አቆመው። እነዚህ ሰዎች በአማርኛ የጻፉት በእንግድነት አልነበረም፤ ደጃፍ ላይ ቆመው አላንኳኩም። ከገነቡት ቤት ልጆቻቸው በራሳቸው ፈቃድ ሲወጡ ማየት ለእኔ ሽንፈት ነው፤ ያውም ማንም ሳይዋጋን የምንሸነፈው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስለው «ትግርኛስ?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወጣቶቻችን በትግርኛ መጻፋቸውን እንደ ትርፍ እንጂ እንደ ኪሳራ አልቆጥረውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምናነበው ግማሹ ትግርኛ ነው። ነገር ግን በትግርኛ የሚጽፈው ወጣትም ቤት መድፋት አለብኝ ወይስ የለብኝም? ስንኜን የት ልቁረጥ? የአውደ ዓመት ዜማዬን ይዤ ስለ ዛሬ ሐዘኔ መጻፍ ይቻለኛል ወይ? እያለ ሲጨነቅ አየዋለሁ። ይህንኑ ጭንቀት ስድሳ ዓመት አስቀድሞ፣ በአንድ ፊደል በሚጻፍ፣ በእህት ቋንቋ የተጨነቀ ሰው አለ። ሥራውም ታትሞ ተቀምጧል። ያንን ማለፍ በጠላት ላይ የሚደርስ ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው ጀማሪው ገጣሚ ነው፣ ጎረቤቱ ያረሰውን መሬት ሳያይ ድንጋዩን እንደ አዲስ ይለቅማል።

ደግሞም ልድገመው፤ ሐዘን ለመጻፍ ከገብረ ክርስቶስ የተሻለ ጎረቤት የለንም። ዛሬ በዓዲ ሐቂም፣ በኲሓም፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢም ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው አይተናል። ከትውልድ ቀዬው ርቆ፣ እዚያው ሀገሩ ውስጥ ሆኖ፣ ስለ ጓሮው አየርና ስለ ማሳው የሚቆጥር ሰው። «ሀገሬ»ን ለእሱ አንብቡለት። ዋሽንት የለ፣ ባንዲራ የለ፣ ዝም ብላችሁ አንብቡለት። ከአንድ ባለሥልጣንና ከአንድ ተፈናቃይ የትኛው ለግጥሟ ቅርብ እንደሆነ ያን ጊዜ ይለያል። ተፈናቃዩ ግን ትግርኛ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ? ተርጉሙለት! ገብረ ክርስቶስ ሙሉ በሙሉ ወደ ትግርኛ ተተርጉሞ ባየው ከአንድ መቶ የሬዲዮ ንባብ ይልቅ ደስ ይለኛል።

አንዳንዱ ደግሞ «አንተ መምህር ነህ፣ ከማማረር አትሠራም?» ይለኛል። ማስተማሪያው መጽሐፍ በእኔ እጅ አይዘጋጅም። በእጄ ያለው የክፍሉ በርና ጠመኔው ነው። በዚያ የሚቻለውን አደርጋለሁ፤ «ሀገሬ»ን ሳስተምር የምጀምረው ከሎውተን ነው። ተማሪዎቼ ሰውየው የት እንደሞተ ሳያውቁ አንዲት ስንኝ አያነቡም። ከዚያ ቀለም እናስቆጥራለን፤ ስድስት ስድስት መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ከዚያ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ»ን እናመጣና እስኪ ይህንንም ቁጠሩ እላቸዋለሁ። ቆጥረው ሲያቅታቸው፣ ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የመድረክ አዘጋጆችም ከፈለጉ ይህን ማድረግ አያቅታቸውም። ለአንድ ዓመት፣ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ «ሀገሬ»ን ያሳርፏት። በየበዓሉ ከዚያው ሰው ሌላ ግጥም ያንብቡ። ጭብጨባው ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ሬዲዮ ጣቢያዎቹም ዋሽንቱን ለእረኛው ይመልሱለት።

አሳታሚዎችም ከዚህ ሙግት አያመልጡም። መቀሌ ላይ የገብረ ክርስቶስን መጽሐፍ ገዝቼ አላውቅም፤ መጻሕፍት መሸጫዎቹን ዞሬ ስጠይቅ አንዱ ሻጭ «የሥዕል ነው የግጥም?» ሲለኝ፣ ቢያንስ ሁለቱንም መሆኑን በማወቁ ተደስቼ ወጣሁ። በእኛ ስብስብ ያለው አንድ ቅጂ ነው። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጣ፣ ጀርባው የተላቀቀ፣ በፕላስተር የተያዘ። በእሱ ላይ ስንት እጅ እንዳለፈ ከገጾቹ ይታያል፤ «ሀገሬ» ያለችበት ገጽ ጠርዙ ጠቁሯል፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ብዙዎቹ ንጹሕ ናቸው።

«የማን ሀገር?» ያለኝ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጽሐፉን ጠየቀኝ። እሱን ለማሳመን የተናገርሁት ነገር የለም፤ እንዲያውም ያን ዕለት ስለ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው። ሰጠሁት። አንድ ሳምንት ብሎ ወሰደው፤ አሁን አራተኛው ነው። ሌሎቹ ተራችን ነው እያሉ ይነዘንዙኛል። ባለፈው ሲመጣ ስለ «ሀገሬ» አንድም ቃል አላነሣም፤ የጠየቀኝ ገጣሚው በ«እንደገና» ላይ ስንኙን ለምን እዚያ ቦታ እንደቆረጠው ነበር። ሁለታችንም የተለያየ መልስ ነበረን፤ ጨለማው እስኪይዘን ተከራክረን አልተስማማንም። መጽሐፉን መልስ አላልሁትም።